ያልሞላሁት ዓይን

ጡረታ በወጣሁ ዕለት የቢሮ ልጆች ጋቢ አለበሱኝ፣ ኬክ አስቆረሱኝ፣ ፎቶ አነሱኝ። ሲጨርሱ አንዱ፣ «ጋሼ፣ በሥራ ዘመንዎ የሚኮሩበት ሥራ የቱ ነው?» አለኝ። ስሙ የታወቀ ደብር እንድጠራለት እንደጠበቀ ያስታውቃል። እኔ ፊት ድቅን ያለው ግን ሳልሠራው ትቼው የመጣሁት አንድ ቦታ ነበር፤ ስፋቱ የአውራ ጣት ጥፍር ቢያክል ነው። ይኼን ብነግረው «ጋሼ ደክመዋል» ይላል ብዬ፣ «ሁሉም የእሱ ቸርነት ነው» አልሁና ኬኬን በላሁ። ልጁ ይኼን ካነበበ መልሱ እነሆ።

ሥራዬ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል መጠገን ነበር። መደቡ ወረቀት ላይ ረጅም ስም አለው፤ አስተዳደር በተለወጠ ቁጥር ስሙም ይለወጣል፣ ደመወዙ ግን እዚያው ነው። እናቴ እስክታርፍ ድረስ ለጎረቤት «ልጄ ቀለም ቀቢ ነው» እያለች አሳጣችኝ። እኔም «እማዬ፣ እኛ እኮ የሚከፈለን እንዳንቀባ ነው» እላት ነበር። እውነቴን ነው። ጠጋኝ ማለት ሌላ ሰው የሣለውን አጥብቆና አጽድቶ፣ የራሱን እጅ ደብቆ የሚወጣ ሰው ነው። ጎበዝ ከሆነ መጥቶ መሄዱን እንኳ ማንም አያውቅም።

ይኼን ያስተማሩኝ አለቃ ውብነህ ናቸው። አለቃነታቸው የደብር ሹመት አልነበረም፤ ድቁናውን ከተዉ ቆይተዋል፤ የሾሟቸው ጎንደር ፒያሳ ያሉት መጠጥ ቤቶች ናቸው። ወርክሾፓችን ጣሊያን የሠራው አሮጌ ቤት ውስጥ ነበር፤ ወለሉ በሐምሌ እግር ያደነዝዛል። ሥራ የጀመርሁ ዕለት ጥግ ላይ ተቀምጠው፣ ብሩሻቸውን ጆሯቸው ላይ ሰክተው አገኘኋቸው። ቀና ብለው ፊቴን ለረጅም ጊዜ አዩና፣ «ግንባርህ ሚካኤል ነው፤ አገጭህ ግን ያሳፍራል» አሉኝ። ሰላምታቸው ይኸው ነበር።

የሚኖሩት ቀሐ፣ ከወንዙ አጠገብ ባለች አንድ የኪራይ ክፍል ነበር። በጥምቀት ሕዝቡ ታቦት ሊያይ ሲጋፋ እሳቸው የድንጋይ አጥር ላይ ወጥተው ሕዝቡን ያያሉ። ከበዓል መልስ ስንገናኝ የታዘቡትን ይነግሩኛል። «ዘንድሮ ሁለት ገብርኤልና አንድ ሸጋ ጴጥሮስ አየሁ» ይላሉ፤ «ይሁዳን መፈለግ እንኳ አላስፈለገኝም፤ ኃላፊያችን ፊት ለፊቴ ቆመው ነበር።» ኃላፊያችን ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ስብሰባ ነው የሚወዱት። አለቃ ደግሞ ስብሰባ ላይ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል፤ ሲያንኮራፉ ቃለ ጉባኤ ያዡ ይስታል።

ግድግዳ ፊት ሲቆሙ ግን ሌላ ሰው ናቸው። መጀመሪያ በጣታቸው አንጓ ቀስ እያሉ ያንኳኳሉ፤ ጆሯቸውን ያስጠጋሉ። በእኛ አገር ሥዕሉ የሚሣለው ጭቃ ግድግዳ ላይ በሙጫ በተለጠፈ ሸማ ላይ ነው። ሸማው ከጭቃው ከለቀቀ ድምፁ ክፍት ይሆናል፣ ባዶ እንስራ እንደ መምታት ያለ ነው፤ ካልለቀቀ ድፍን ነው። የታመመውን ቦታ እርሳስ አያስነኩትም፣ በቃል ይይዙታል። ከዚያ የቆዳ ሙጫ አፍልተው፣ ከፋርማሲ በተገዛ መርፌ ከሸማው ጀርባ ይወጉና መዳፋቸውን ለብ ባለ ጨርቅ ጠቅልለው ተጭነው ይቆማሉ። ሲቆሙ ደግሞ ሥዕሉን ያዋሩታል፤ «አይዞህ፣ አሁን ይይዝሃል» ይሉታል። የጧፍ ጥላሸት የሚያነሱት በትኩስ ዳቦ ልብ ነው። ዳቦው ጠቁሮ ሲወጣ ያሳዩኝና፣ «ይኼ የስንት ሰው ጸሎት ነው፤ ቀስ በል» ይሉኛል።

ደብሮች አዲስ ሥዕል ሲያዙአቸውም ይሥሉ ነበር። ዓይን የሚሣለው መጨረሻ ነው። የዓይን ዕለት አረቄ አይቀምሱም፤ ስላልቀመሱ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ብሩሹ ሸማውን ሲነካ ግን ቀጥ ይላል። ስንት ጊዜ አጠገባቸው ቆሜ አይቻለሁ፣ አሁንም አይገባኝም። የጻድቅ ፊት ሙሉ ሆኖ ይሣላል፤ ሁለቱም ዓይኖቹ ያዩሃል። የክፉ ሰው ፊት ግን በጎን ነው፣ አንድ ዓይን ብቻ ነው የሚኖረው። ይኼ የቆየ ሕግ ነው፤ እሳቸው ሲያስረዱት፣ «ክፉ የሠራ ሰው በሁለት ዓይኑ ሊያይህ አይደፍርም» ይሉ ነበር።

አንድ ልማድ ደግሞ ነበራቸው። ሌላው ሠዓሊ ሁሉ ቀለም የሚፈጨው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ በመጅ ነው። እሳቸው መስታወት ያነጥፉና በጠርሙስ ቂጥ ይፈጫሉ። ወርክሾፑ ውስጥ ድንጋይ እንዲገባ አይፈልጉም፤ አንድ ጊዜ አንዱ ሠራተኛ መጅ ይዞ ቢመጣ ነጥቀው በመስኮት ወረወሩት። «ድንጋይ ቀለም ይበላል» አሉን። እኛም ከኋላቸው፣ ጠርሙስ መቼም አያጡ እያልን ሳቅን። ግን አመንኋቸው። ኋላ እኔም አስተማሪ ስሆን ለሠልጣኞቼ ሁሉ «ድንጋይ ቀለም ይበላል» እያልሁ ጠርሙስ አስጨበጥኋቸው።

ይጠጣሉ፣ አልሸሽገውም። ስንት ቀን ደግፌ ቀሐ አድርሻቸዋለሁ። ሲሰክሩ ዝም ይላሉ፤ በሰው ላይ እጃቸውን ሲያነሱ አላየሁም፣ ክፉ ቃል ሲናገሩም አልሰማሁም። ከደባርቅ ማዶ ካለ አገር እንደመጡ ከአነጋገራቸው ይታወቃል። ስለ አገራቸው ስጠይቅ «ብርድ ነው» ይሉኛል፣ ወሬው እዚያ ያበቃል። አባቴ በልጅነቴ ነው የሞተው። እሳቸው ገና ሳልጠይቃቸው ኮቴን አስተካክለው፣ ሚስት ሳጭ ሽማግሌ ሆነው፣ ልጄ ሲጠመቅ ደስ ብሏቸው አልቅሰዋል። አባት ምን እንደሆነ ያወቅሁት ከእሳቸው ነው።

የተላክሁበት ብዙ ነው፤ ጭልጋ፣ ደምቢያ፣ ዳባት። አበሉ ከጫማዬ ሶል አልፎ አያውቅም። የማልረሳው አዲ አርቃይ በኩል፣ ቆላው ላይ የደረሰብኝን ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ሊወድቅ ስለነበር ሥዕሉ ከነሸማው ተገንጥሎ እንዲወርድ ታዘዝን። አለቃ ሙጫውን በምላሳቸው ቀምሰው፣ «ይኼን አላውቀውም፤ ጊዜ ይፈልጋል» አሉ። ኃላፊያችን ደግሞ እንግዶች ሳይመጡ እንዲያልቅ ቸኮሉ። እኔ ከሥልጠና የተመለስሁ ሰሞን ነው፣ ደረቴ ተነፍቷል፣ «እችላለሁ» አልሁ። የሩፋኤል ፊት ላይ ስስ ወረቀት ለጠፍሁ፣ ከኋላ በእርጥብ ጨርቅ አለሰለስሁና ሳብሁት። ሸማው እሺ ብሎ መጣ። ወረቀቱን ስገልጠው ግን ፊቱ ወረቀቱ ላይ ቀርቷል። ጣቴ ሲነካው ዱቄት ሆነ።

ከምእመናኑ አንዲት እናት ቀርበው የወደቀውን ዱቄት በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት። አልሰደቡኝም፤ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። አለቃን እግራቸው ላይ ወድቄ ፊቱን እንዲሥሉልኝ ለመንኋቸው። ሊያደርጉት ይችሉ ነበር፤ ማንም ለይቶ አያውቅም ነበር። እንቢ አሉ። «እኔ ከሣልሁት የእኔ ሩፋኤል ነው። እነሱ ሲለምኑት የኖሩት ያንን ነው። የሌለውን እንዳለ አድርገን አንዋሽባቸው፣ ባዶውን ተውላቸው» አሉኝ። ነጭ ሆኖ ቀረ። ከዓመታት በኋላ ሄጄ አየሁት፤ ሰዉ ፊት የሌለውን ሩፋኤል ይሳለመዋል። እኔ ግን ቀና ብዬ አላየሁትም።

አለቃ የሞቱት በጉበት ነው። ጎንደር ሆስፒታል ተኝተው እኔ አስታመምሁ። አንዲት ነርስ ካርድ ልትሞላ መጥታ፣ «አባት፣ ቤተሰብ አለዎት?» አለቻቸው። «የለኝም» አሉ፣ ወደ እኔ አመለከቱና «ይኼ አለ» አሏት። እንዴት ደስ እንዳለኝ፣ እንዴት ልቤ እንደሞላ አስታውሳለሁ። በማግሥቱ አረፉ። ብሩሾቻቸውን ወሰድሁ፤ ፎቶ ብፈልግ አንድም አልተገኘም። ሲያነሷቸው ፊታቸውን ያዞሩ ነበር።

ጡረታዬ ሊደርስ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ኃላፊዬ ጠራኝ። አሁን ያለው ኃላፊ እኔ ያስተማርሁት ልጅ ነው፤ እያከበረኝ ያዘኛል። ከደባርቅ ቁልቁል በሚወርደው መንገድ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ያለች አንዲት የማርያም ደብር ጣሪያዋን ልትቀይር ነው፤ አብሮ የግድግዳውን ሥዕል አውርዶ በማሽን የታተመ አዲስ ሥዕል ለመስቀል ፈቃድ ጠይቃለች። ሥዕሉ በዕድሜ ከእኔ ያንሳል፤ በሕጉ ቅርስ ለመባል አይበቃም። «ስለዚህ ጋሼ ያሉት ይጸናል፤ እንዲቀመጥም እንዲወርድም» አለኝ። በማሽን የታተመ ሥዕል እንዳልወድ ያውቃል። ሁሉም ጉንጫቸው ቀይ ነው፣ ሁሉም የአንድ እናት ልጅ ይመስላሉ።

ደብሯ ስደርስ ቄሰ ገበዙ በሴቶች በር በኩል አስገቡኝና መጋረጃውን ገለጡት። ተጠግቼ ቀና አልሁ። የማርያም ዓይኖች የአለቃ ውብነህ እጅ ናቸው። የጣቶቿ ርዝመት፣ የሰማያዊ ልብሷ እጥፋት፣ ሁሉም እሳቸው ናቸው። በኖርንበት ሃያ ዓመት አንድ ቀን እንኳ ስለዚህ ሥራ ትንፍሽ አላሉኝም፤ ከሠሩት ሁሉ የሚበልጠው ይኼ ነው። ከእሷ ጎን የጌታ ግርፋት አለ፤ ገራፊዎቹ እንደ ሕጉ በጎን ፊታቸው ቆመዋል። ከመካከላቸው አንዱ ጅራፍ አንሥቷል፤ አፍንጫው ጎበጥ ያለ ነው፤ ጆሮው ላይ ብሩሽ ሰክቷል።

ሳቅሁም አለቀስሁም። አለቃ ናቸው፣ በወጣትነታቸው፣ ራሳቸውን ከገራፊዎች ጋር ያቆሙ። ዓይናቸው ግን የለም። አንዲቱ ዓይን እስከ ጭቃው ድረስ ተቧጥጣ፣ ጭረቱ ጠማማ ሆኖ እስከ ጉንጩ ወርዷል።

«ልጆች ናቸው መቼም» አልሁ። የገራፊና የሰይጣን ዓይን ሰው ይፍቃል፤ በየደብሩ ያየሁት ነው፣ ለጌታ የተቆረቆረ ሁሉ ሚስማር ያነሣል። ቄሰ ገበዙ ጎንበስ ብለው ወለሉን አዩ። «ይሆናል» አሉ።

ወዲያው ወሰንሁ። ሥዕሉ ይቀመጣል፣ ቀለሙ ይጠገናል፣ ያቺንም ዓይን እሞላታለሁ። ሃያ ዓመት ያየሁት ዓይን ነው፤ ከእኔ በቀር የሚያውቀው የለም፤ ፎቶ የሌለው ሰው ፊት ይኖረዋል። ግድግዳውን አንኳኳሁ፣ የለቀቀውን በሙጫ ያዝሁ፣ ዳቦ አስጋግሬ ጥላሸቱን አነሣሁ። ሰማያዊው ሲወጣ ቄሰ ገበዙ ራሳቸው እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸው። ቅዳሜ ዕለት ሲስተር ገነት ስትደርስ የዓይኑን ቀለም በጠርሙስ ፈጭቼ አዘጋጅቼ ነበር።

ሲስተር ገነት የጎንደር ሆስፒታል ነርስ ናት፤ ማራኪ የሚባለው ሰፈር ነው የምትኖረው። የዚያች ደብር ልጅ ናት፤ ከከተማ ያሉትን የአገሯን ተወላጆች አስተባብራ ለጣሪያውም ለአዲሱም ሥዕል ገንዘብ ያሰባሰበችው እሷ ናት። መሰላል ላይ ሆኜ አየችኝ።

«ጋሼ፣ ይኼ ይውረድ ነው እኮ ያልነው» አለችኝ።

«ልጄ፣ ይኼ የሚወርድ አይደለም። እንዲህ ያለ እጅ በአገሩ የለም። ሠዓሊውን አውቃቸዋለሁ፣ መምህሬ ነበሩ።»

«እርስዎን እንኳ አውቅዎታለሁ» አለች። ድምፅዋ ከፍ አላለም። «እርስዎን ብሩሽ አያያዝ ሲያስተምር እኔ ስምንት ዓመቴ ነበር። አባቴ ነው።»

ከመሰላሉ ወረድሁ። «አልነገሩኝም» አልሁ።

«ዋርድ ውስጥ ‹ቤተሰብ አለዎት?› ብላ የጠየቀችው ጓደኛዬ ናት። ስሙን አይቼ እንድትጠይቅ የላክኋት እኔ ነኝ። በር ላይ ቆሜ ነበር። ‹የለኝም› ሲል ሰማሁ፣ እርስዎን ሲያሳይም አየሁ። ከዚያ ፈረቃ ቀይሬ ወጣሁ።» መጋረጃውን በእጇ ያዘችው። «እናቴ ጠዋት ጠዋት እዚህ ትሰግዳለች። የሰውዬውን እጅ እያየች እንድታረጅ አልፈልግም። በሥራው ድንቅ ነበር አሉ፤ ይሁን። ድንቅነቱ ለእኛ ቤት ምን ሆነ?»

 ያቺ ልቤን የሞላችው ቃል እሷን ደጅ ላይ እንዳስቀረቻት ያወቅሁት ያኔ ነው። እንዲያም ሆኖ ሥዕሉ እንዲወርድ አልፈለግሁም፤ እልኬንም አልደብቅም። ቄሰ ገበዙ ከመካከላችን ገቡና፣ «እማማ ትርንጎ ሳይጠየቁ እኛ ምን ያጣላናል?» አሉ። እናትየውን ከቅጽሩ ዛፍ ሥር ጠርተው አመጧቸው።

እማማ ትርንጎ ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ ሴት ናቸው። ሲሳለሙ የቀኝ እጃቸውን አየሁ፤ ሦስቱ ጣቶች ወደ ውስጥ ታጥፈው ደርቀዋል።

«ይውረድ ያለው ማነው?» አሉ።

«እኔ ነኝ፣ እማ» አለች ልጃቸው።

«ምነው?»

«ማን እንደሣለው እያወቅሽ ምነው ትይኛለሽ?»

«እሱ ብቻ ነው እንዴ የሠራው? ቀለሙን ማን ፈጨው?» በጤነኛው እጃቸው የማርያምን ልብስ አሳዩን። «ይኼ ሰማያዊ በእኔ ክንድ ነው የላመ። አንቺን አዝዬ ነው የፈጨሁት። መጨረሻ ላይ ‹አልደቀቀም› አለ፣ ሰክሮ ነበር፣ መጁን ከእጄ ቀማና በዚያው መጅ ጣቴን መታኝ። እሱን ለመቅጣት ብለሽ የእኔን ድካም ልታወርጂው ነው? እሷስ ምን በደለች?»

ልጅቱ አንገቷን ደፋች። እኔ የጠርሙሱ ነገር ገና ያኔ ገባኝ። ድንጋይ ቀለም አይበላም። ለስንት ሠልጣኝ እንደ ሙያ አድርጌ ያስተማርሁት የሙያ ጉዳይ አልነበረም። አለቃ ድንጋዩን ተዉ፣ አረቄውን አልተዉም። ይኼን ለማሰብ እንኳ ፋታ ሳላገኝ እማማ ትርንጎ ብሩሼንና የቀለም ሳህኔን አዩት።

«እዚያ ጋ ምን ልታደርግ ነው፣ ወንድሜ?»

«የተፋቀችውን ዓይን ልሞላ ነበር፣ እማማ። ልጆች የፋቋት መስሎኝ።»

«ልጆች አይደሉም፣ እኔ ነኝ» አሉ። «እጄ ታስሮ ጎረቤት ቤት ተኝቻለሁ፤ እሱ ሥራውን ጨርሶ ሳይሰናበተኝ ጎንደር ገባ። ለበዓሉ መጋረጃው ተገለጠ፣ ሰዉ ሁሉ አየው፣ ራሱን ጅራፍ አስይዞ። ‹ተጸጸተ› አሉ። ‹ንስሐ ገባ› አሉ። ሽማግሌ መጣብኝ፤ ‹በእግዜር ፊት ራሱን እንዲህ ካዋረደ ከዚህ በላይ ምን ያድርግ፣ ይቅር በዪው› አሉኝ። ምኑን ነው ይቅር የምል? እኔ ደጅ አልመጣ። ለግድግዳ ተናግሮ ሄደ። በግራ እጄ ወስፌ ያዝሁና ገባሁ። ለዚያ ነው ጭረቱ የጠመመው፣ ግራዬ አልለመደም ነበር።»

ቄሰ ገበዙ አሁንም ወለሉን ያያሉ። እማማ ትርንጎ ወደ እሳቸው ዞሩ። «የእርስዎ አባት ነበሩ ያን ጊዜ ቄሱ። ቀኖና ሰጡኝ፣ ሰገድሁ፣ ጨረስሁ። ለሥዕሉ ዓይን ንስሐ ገብቻለሁ። ለእኔ ጣት የገባ ግን የለም።»

ለመምህሬ አንድ ቃል ልናገርላቸው ፈለግሁ። ሌላ ማን ይናገርላቸዋል? «እማማ» አልሁ፣ «ከዚያ በኋላ እስኪሞቱ ድረስ ድንጋይ ነክተው አያውቁም። ቀለም የሚፈጩት በጠርሙስ ነበር።»

ቀና ብለው አዩኝ። የተቆጡ አይመስሉም። «ድንጋዩ ምን በደለው?» አሉኝ።

ከዚያ ነጠላቸውን አስተካክለው ፍርዱን ሰጡ። «ሥዕሉ ይኖራል። የተረፈውን ሁሉ አሳምር፣ እጅህ ሸጋ ነው። ያን ግን አትንካው። እሱ የሣለው የእሱ ነው፣ የፋቅሁት የእኔ ነው።» ብለው ወጡ።

ያዘጋጀሁትን ቀለም ደፋሁት። እውነቱን ልናገር፣ አለቀስሁ። ለማን እንደሆነ አላውቀውም። አለቃን እወዳቸዋለሁ፤ ይኼን ሁሉ ሰምቼም እወዳቸዋለሁ፣ በማርያምም ፊት አልክደውም። እጄ የእሳቸው እጅ ነው፤ ማንኳኳቱ፣ ዳቦው፣ «ቀስ በል» ማለቱ። የእማማ ትርንጎ ጣትም የእሳቸው ሥራ ነው። አንዱን ይዤ ሌላውን የምጥልበት ቦታ ፈለግሁ፣ አጣሁ። ባዶውን ተውላቸው ያሉኝም እሳቸው ናቸው። ያን ጊዜ ቆላ ላይ የመከሩኝን ምክር የምፈጽመው በገዛ ፊታቸው ላይ ሆነ።

የሪፖርቱን ነገር ባጭሩ ልለፈው። ኃላፊዬ ፎቶዎቹን አይቶ፣ «ጋሼ፣ ሁሉም ተሞልቶ ይቺ ለምን ቀረች?» አለኝ። «ባለቤት አላት» አልሁት። ሳቀና ፈረመ።

በመጨረሻው ሳምንት ሲስተር ገነት ተመልሳ መጣች። ጣሪያው እንዲቀድም፣ የታተሙት ሥዕሎች በውጪው ግድግዳ እንዲሰቀሉ ተወላጆቹን አስማምታለች። ከእኔ ጋር ገና ልቧ አልተፈታም። ስትገባ ከገራፊው ፊት ተጠግቼ፣ በመጨረሻዋ ቀጭን መርፌ ሙጫ እያንጠባጠብሁ አገኘችኝ።

«አትንካው አላለችዎትም?»

«አልሞላሁትም፣ ልጄ። ነይ እዪው። የጭረቱ ጫፍ እየተፈረፈረ ነው። ዙሪያው ካልተያዘ ቀለሙ መርገፉን ይቀጥላል፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ዝናብ የበላው ይመስላል። የሰው እጅ የፋቀው መሆኑ አይታወቅም።»

ቀርባ አየች። ከዚያ ስልኳን አወጣችና መብራት አበራችልኝ። ክንዷ እስኪዝል ያዘችልኝ። ጠማማዋን ጭረት ከቅንድቡ እስከ ጉንጩ፣ ግራ እጁ ያልለመደ ሰው በሄደበት መንገድ ተከትዬ፣ ጠርዟን በሙሉ አጠጣኋት። መዳፌን በለብታ ጨርቅ ጠቅልዬ ተጫንሁና ቆምሁ። «አይዞህ» የምለው ማንን እንደሆነ ስላላወቅሁ ዝም አልሁ።

ጨርሼ ስወርድ እማማ ትርንጎ ከኋላችን ቆመዋል፤ ለስግደት መጥተው ነው። ሄደው በታጠፈው ጣታቸው ጭረቱን ዳበሱት።

«ይቆያል?» አሉኝ።

«ከሥዕሉ እኩል ይቆያል፣ እማማ።»

«ሸጋ» አሉና ወደ ማርያም ዞረው መስገድ ጀመሩ።